በደዴሳ አቀበት የሚሰማው ኳኳታ

በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፥ በኅዳር ወር፥ ለተማሪ ቤታችን የተላኩትን መጻሕፍት ለመቀበል ከጊምቢ ወደ ነቀምት ሄጄ ነበር። መጻሕፍቱን በሁለት ሣጥን ተረክቤ ወደ መናኸሪያው ብደርስ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄዷል። ጎጃሜ ነኝ፤ በጊምቢ ስኖር ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ በዚያች ከተማ ከተማሪዎቼ በቀር በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ዘመድ እንዳለው ሰው ለመመለስ ቸኮልኩ። ሰው ባዶ ቤቱም ይናፍቀዋል።

ሣጥኖቼን አሸክሜ በጨለለቂ በኩል ወዳለው ቤንዚን ማደያ ብወጣ፥ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጨውና ጣቃ ጨርቅ ተጭኖ ቆሟል። ባለ ስምንት ሲሊንደር፥ ቤንዚን የሚጠጣ፥ ጉልበቱ ከሲሬ እስከ ጊምቢ የሚወራለት አዲስ መኪና ነው። ባለቤቱ ኦቦ ጆቴ ይባላሉ፤ ጢማቸው የነጣ፥ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፥ ሲያዩዋቸው የሚያስፈሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አከም ቡልተን፥ አባቴ» አልኩ፥ ያለችኝን ኦሮምኛ አውጥቼ።

«ነጋ፥ ደኅና ነኝ፤ አንተስ አከም ቡልቴ፥ መምህር? የያዝከው መጽሐፍ አይደለም? መምህር ነህ» አሉኝ በአማርኛ።

«ወደ ጊምቢ የሚሄዱ ከሆነ ከጋቢናው አንድ ቦታ ቢሰጡኝ ብዬ ነበር።»

«ጋቢናው ተይዟል። ከላይ ውጣና ከጨዉ ላይ ተቀመጥ።»

ወደ ጋቢናው ባይ ሰው የለም። በመቀመጫው ላይ ክዳን ያላት አንዲት የእንጨት ዕቃ በነጠላ ቁራጭ ተሸፍና ተቀምጣለች። ለዕቃ ወንበር ሰጥቶ መምህርን ከጨው ጋር መጫን ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ግን መንገደኛ ምን ምርጫ አለው? ሣጥኖቼን ማስጫን ጀመርኩ።

ከእኔ ሌላ አንድ ወጣት መንገደኛ ነበረ። ስሙ አዱኛ ሞረዳ ነው፤ የነቀምት ልጅ፥ በአዲስ አበባ ከቴክኒክ ተማሪ ቤት ተመርቆ ጊምቢ በሚገኝ ጋራዥ የተቀጠረ። ለሞተር ሳይክሉ የገዛውን አንድ ጀሪካን ሱፐር ቤንዚን ይዟል። እሱም እንደ እኔ ወደ ጨዉ ተመርቷል።

የማደያው ቤንዚን ቀጂ ኦቦ ጆቴን «ተራ ነው ወይስ ሱፐር?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «ተራ! መቼ ሌላ ስቀዳ አይተኸኝ ታውቃለህ?» አሉት።

አዱኛ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረብ አለ። «ኦቦ ጆቴ፥ እንደ አባቴ ነዎትና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ መኪና ተራ ቤንዚን አይስማማውም። ኮፈኑን ሲከፍቱ ከውስጥ የተለጠፈችው ቆርቆሮ ሱፐር ስጡት ትላለች።»

«እኔ ቆርቆሮ ሳነብ አላደግኩም፥ ኢልማ ኮ፥ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አባትህ ሞረዳ እናትህን ሳያገባ እኔ መሪ ጨብጫለሁ። አሮጌውን መኪናዬን ዕድሜዬን ሙሉ ነዳሁት፤ ቤንዚን ሲጠፋ ላምባ ቀላቅዬ አጠጣሁት፤ አንድ ቀን አኩርፎብኝ አያውቅም። ይህ ሱፐር የምትሉት ነገር ስሙ የተለወጠ ቤንዚን ነው። ነጋዴ ስም ይሸጣል፤ እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ስም ትገዛላችሁ።»

ይህን ሲሰማ ወጣቱ ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

«እውነትዎን ነው» አለ። «ለአሮጌው መኪናዎ ሱፐር ይግዙ ብልዎ ኖሮ ሌባ ነኝ። የዚያ ሞተር ቤንዚኑን የሚጨምቀው በቀስታ ነው፤ ሱፐር ቢያጠጡት ጉልበት አይጨምርም፤ በከንቱ ማውጣት ነው። ይህኛው ግን በኃይል እንዲጨምቅ ሆኖ ተሠርቷል፤ ጉልበቱም የመጣው ከዚያ ነው። ተራው ቤንዚን ያን ያህል ጭመቃ አይችልም። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ሳይደርሰው ከዳር ሆኖ በራሱ ይፈነዳል።»

«ይፈንዳ እንጂ! መኪና በምን ይሄዳልና?»

«ያለ ጊዜው ሲፈነዳ ነው ጉዳቱ። እርስዎ በሩን ወደ ውስጥ ሲገፉ ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ ወደ እርስዎ ቢገፋው ግንባርዎን አይመታዎትም? ፒስቶኑን የሚያገኘው እንደዚያ ያለ ምት ነው። በአቀበት ላይ ኳ፥ ኳ፥ ኳ ሲል አይሰሙትም?»

በዚህ ጊዜ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «እሰማዋለሁ» አሉ። «እሱን አትንካ። ስለ ቤንዚኑ የፈለግኸውን ተናገር፤ እሱን ድምፅ ግን አትንካብኝ።»

ቀጂው ተራውን ቀዳላቸው፤ እኛም ጨዉ ላይ ወጣን።

የአገራችን ሽማግሌ ክርክር ሲሸሽ ምክንያት አለው። እኛ የተማርን ነን የምንለው ግን ምክንያቱን ሳንጠይቅ «አልገባውም» ብለን እናልፋለን። እኔም ያን ቀን እንደዚያው አሰብኩ፤ አንድ ግትር ሽማግሌ አየሁ፥ አለቀ።

በመንገድ ላይ አዱኛ ስለ ሰውየው አጫወተኝ። ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ይባሉ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው ካረፉ። ኦቦ ጆቴ ከቀብሩ በኋላ የነቀምት ቤታቸውን ዘጉ፤ አሮጌውን መኪና ሸጡ፤ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው ይህን ገዙ። ከዚያ ወዲህ የሚያድሩት በጋቢናው ውስጥ ነው። ድንቅነሽ የምትባል ልጃቸው ጊምቢ ባል አግብታ ትኖራለች፤ ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ በደጇ ያልፋሉ እንጂ አይገቡም።

«ይህ ሞተር እንዲህ እየተመታ ክረምቱን አይደርስም» አለኝ አዱኛ። «ሲሰበር ደግሞ የሚሰበረው በአቀበት ነው። ሽማግሌ ሰው፥ ብቻውን፥ በደዴሳ በረሃ! ከዚህ መኪና በቀር ሌላ ቤት የላቸውም።»

ከዚያ በኋላ እኔም ጆሮዬን ጣልኩ። ጉብታ በወጣን ቁጥር ከሥራችን ኳ፥ ኳ፥ ኳ ይላል፤ ሜዳ ሲሆን ይተዋል። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ድምፁ ሲጀምር ሽማግሌው በጋቢናው ውስጥ ብቻቸውን ይናገራሉ። በኦሮምኛ ስለ ነበር ቃሉን አልለየሁትም፤ የሚጣላ ሰው ንግግር ግን አልነበረም። ጥያቄ ይጠይቃሉ፥ ዝም ይላሉ፥ ደግሞ ይመልሳሉ።

ደዴሳ ድልድይ ስንደርስ ውኃው ፈላ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ በአካባቢው መንደር የለም፤ ከወንዙ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ኦቦ ጆቴ መኪናውን ጥላ ሥር አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ። አዱኛ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና፥ «አባቴ፥ አንድ ካንዴላ ልፍታ? ካልወደዱት መልሼ እገጥመዋለሁ» አለ። አልከለከሉትም። ያን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ፈታው፤ በመዳፉም አድርጎ አሳያቸው። ነጩ ሸክላ ተሰንጥቋል፤ ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተጣብቀዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ጆቴ።

«የፒስቶኑ ገላ ነው። እየቀለጠ፥ እየተፈረፈረ ነው። ያ ድምፅ ኳ ባለ ቁጥር ከሞተሩ ቆንጥሮ ይወስዳል። በቤንዚኑ ትንሽ አተርፋለሁ ሲሉ ሞተሩን ሊያጡት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።»

ሽማግሌው ካንዴላውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«የቤንዚኑ ዋጋ መሰለህ፥ ልጄ?» አሉ። «ሁሉም ስስታም ይለኛል፤ እኔም ይበሉኝ ብዬ ተውኩት። ስሙ፥ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ድርቤ መንገድ በምወጣበት ዋዜማ ለጭኮዬ የሚሆነውን ገብስ በሙቀጫ ትሸከሽክ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ጆቴ ነገ ሊሄድ ነው የሚለው በዚያ ድምፅ ነው። ትቆላዋለች፥ ትፈጨዋለች፥ በቅቤ ትለውሰዋለች፤ በዚያች ዕቃ አድርጋ ጋቢናው ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ያን ጭርታ አልቻልኩትም። ይህን መኪና ገዛሁና መጀመሪያ ይህን አቀበት ስወጣ...»

አንገታቸውን ደፉ።

«ስወጣ ሰማኋት። ያው እጇ፥ ያው አመታቷ። ሲከብዳት ፈጠን፥ ሲቀልላት ቀስ። ሱፐር ጠጥቶ የማያንኳኳ መኪና በሌሎች ሾፌሮች እጅ አይቻለሁ፤ ዝም ይላል። እኔ ዝምታ ገዝቼ ምን ላደርግ ነው? የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ይህን ለቄሱ አልነገርኩም። ጣዖት አበጀህ ይሉኛል።»

አዱኛን በተማሪ ቤት ስለ ጭመቃና ስለ እሳት አስተምረውታል፤ ለዚህ የሚሆን መልስ ግን አላስተማሩትም። ለእኔም ጋቢናው ማን እንደ ያዘው አሁን ገባኝ። የኔም የኪራይ ቤት በር ማጠፊያው ዝጎ ሲከፈት ይጮኻል፤ አከራዬ ዘይት ላድርግበት ሲሉኝ ይቅር እላቸዋለሁ፤ ስገባ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ ሽማግሌውን ልገሥጽ የምችል ሰው አልነበርኩም። ቢሆንም የሚያስተምር ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ኦቦ ጆቴ» አልኩ፥ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዴ ድርቤ ያን ገብስ የሚሸከሽኩት ለምን ነበር?»

«ለስንቄ ነዋ! በመንገድ እንዳይርበኝ፥ እንድበረታ፥ በደኅና እንድመለስ።»

«ከመንገድ ሲመለሱ ዕቃዋን ምን ያደርጓታል?»

«ባዶዋን እመልስላታለሁ። ካልተጨረሰ ትቆጣ ነበር።»

«እንግዲያው ይህ ድምፅ ምን ሠርቶልዎታል? ሁለት ዓመት ሲወቅጥ አንድ ጉርሻ ጭኮ አልወጣውም። ዕቃዋ ባዶ እንደ ሆነች ናት። እርሳቸው ወቅጠው ያበሉዎት ነበር፤ ይህ ግን ወቅጦ የሚበላው የእርስዎን ነው። በደኅና እንዲመለሱ ይሠሩ የነበሩት ሴት፥ በዚህ በረሃ ሞተርዎን ሰብረው ያስቀሩዎታልን?»

ኦቦ ጆቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ድርቤ እንዲህ አታደርግም» አሉ። «በመንገዴ ቀልዳ አታውቅም።»

«የሚጮኸው እርሳቸው አይደሉማ» አለ አዱኛ በቀስታ።

«ካልሆነች ደግሞ የለችም ማለት ነው» አሉ። «የፈራሁት ይህን ነበር።»

ይህን ማስተባበል የሚችል ትምህርት የለም።

መኪናው ሁለት የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነበረው፤ ኦቦ ጆቴ አንዱን ብቻ ስለሚሞሉ ሁለተኛው ባዶ ነው። አዱኛ የተሰነጠቀውን ካንዴላ በትርፍ ለወጠና ጀሪካኑን አነሣ። «ሱፐሩን በባዶው ላድርግልዎ። መቀየሪያዋ ቁልፍ በመቀመጫዎ ሥር ናት። ማንም አያስገድድዎትም፤ ሲፈልጉ ያዙሯት፥ ካልወደዱት ይመልሷት።»

«የሞተር ሳይክልህስ?»

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አልሞትም።»

ሽማግሌው ወደ ጋቢናው ሄዱ፤ ዕቃዋን በሁለት እጃቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ግቡ» አሉን። «ጨዉ ላይ ሆናችሁ እንዴት በደንብ ትሰማላችሁ?»

ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አቀበቱ እንደ ጀመረ ኳኳታው ተነሣ። ከጋቢናው ውስጥ ሲሰማ እውነትም ሙቀጫ ይመስላል፤ ማንም ሰው በዚያ ድምፅ ቢታለል አልፈርድበትም። ኦቦ ጆቴ እስከ ሁለተኛው መጠምዘዣ ድረስ አዳመጡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ አዱኛም ቋንቋው እያለው አልነገረኝም። ከዚያ እጃቸውን ወደ መቀመጫው ሥር ሰድደው ቁልፏን አዞሩ።

ለጥቂት ጊዜ እንደ ነበረው ቀጠለ። በኋላ አንድ ምት ሳተ፤ ሌላ ሳተ፤ እየራቀ የሚሄድ ሰው ይመስል እየሳሳ፥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የቀረው የሞተሩ የተስተካከለ ድምፅ ብቻ ነው። መኪናው ደልደል ብሎ ወጣ፤ በፊት በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስትበትን ዳገት በሁለተኛ ያዘው። የውኃውም ሙቀት አልጨመረም።

«አያችሁ?» አለ አዱኛ፥ ደስታው አሸንፎት።

እኔ ያየሁት ኦቦ ጆቴን ነበር። ፊታቸው እንባ በእንባ ሆኗል፤ መሪውን ግን አልለቀቁም። ከአቀበቱ አናት ሲደርሱ አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። «ደኅና ሁኚ ሳልላት ነበር የሄደችው» አሉ። «ነቀምት ስደርስ አፈር ለብሳ ነው ያገኘኋት። ዛሬ አልኳት።»

ጊምቢ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ኦቦ ጆቴ ጨውና ጣቃውን ካስረከቡ በኋላ በልጃቸው ደጅ ዛሬ አላለፉም፤ አቆሙ። ድንቅነሽ ከጓዳ ስትወጣ አባቷን ከነዕቃዋ በደጇ ቆመው አየቻቸው።

«አባ ኮ! ምን ሆንክ? ታመምክ?»

«አልታመምኩም። ርቦኛል» አሉ፥ ዕቃዋን እየዘረጉላት። «ነገ መንገደኛ ነኝ። የእናትሽን አሠራር ታውቂው ይሆን?»

ሴትየዋ ዕቃዋን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ለሁለት ዓመት ያህል አባቷን ግባ፥ ብላ፥ እደር ስትል ኖራለች፤ አሁን ግን ዞራ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ በደጁ ተቀምጠን ሳለ ሙቀጫው ተጀመረ። አመታቷ ከእናቷ የተለየ መሆኑን ኦቦ ጆቴ ነገሩን፤ እሷ ግራኝ ናት፤ ትሮጣለች፤ ትንሽም ትስታለች። «ቢሆንም» አሉ፥ «ይህኛው ጭኮ ይወጣዋል።»

እነሆ አንባቢዬ ጥቅሙን ይመልከት። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ጆቴ ሱፐር ይቀዳሉ፤ በሊትር የሚጨምሩትን መኪናው በአቀበት ላይ ባለማባከኑ ይክሳቸዋል፤ ውኃው አይፈላም፤ ካንዴላ አይሰነጠቅም፤ ሞተሩም ክረምቱን አልፎ ሌላ ክረምት አየ። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች እሳቸውን አይተው ሱፐር ሊገዙ ሲሉ ግን ኦቦ ጆቴ ራሳቸው ይከለክሏቸዋል። «መጀመሪያ የሞተርህን ጠባይ እወቅ» ይላሉ። «የሚያስፈልገውን መንፈግ ጥፋት ነው፤ የማያስፈልገውንም ማጉረስ ጥፋት ነው።» ጋቢናቸውም ሰው ይጭናል፤ ሕመምተኛ፥ ነፍሰ ጡር፥ አንዳንዴም መምህር።

ነገሩን በዚህ ልፈጽመው አስቤ ነበር። ነገር ግን በዘንድሮው ሚያዝያ አንድ ቀን በቤቴ ተቀምጬ ደብተር ሳርም የጥሩንባ ድምፅ ሰማሁ። መኪናው ከደጄ መድረሱን አልሰማሁም ነበር፤ ኦቦ ጆቴ ናቸው። ተነሥቼ በሩን ብከፍት እንደ ልማዱ ጮኸ። ሽማግሌው ከደፉ ላይ ቆመው በሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከኋላዬ ያለውን አንድ አልጋና አንድ ወንበር አዩ። ምንም ሳይሉ ወደ መኪናቸው ተመልሰው ግራሶ አመጡ፤ በጣታቸው ማጠፊያውን ቀቡት፤ በሩንም ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። ዝም አለ።

«መምህር» አሉ፥ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፥ «ምክር ለሌላ ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

ቤቱ ጭር አለ፤ ያ የፈራሁት ጭርታ።

«በል ኮትህን ልበስ» አሉኝ። «ድንቅነሽ ራት አድርሳለች፤ አዱኛም እዚያ ነው። የአንተን ቦታ አስይዘናል።»